በሶላት ሰዓት ያመለጡት ሰዎች

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የንስሐ አባቴ ስለ ጾም ይጠይቁኛል፣ ስለ ምላሴም ይጠይቁኛል፤ ቴሌቪዥን እያየሁ ስለ ሠራሁት ኃጢአት ግን ማን አስቦ ይጠይቀኛል? እኔም ጠያቂ ባለማግኘቴ ተደብቄ ይኸው ዓመታት ኖርኩ። ዛሬ ለእናንተ ልናገረው።

ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ ለማስተማር ስመጣ እማማ ዘይነብ ከሚባሉ የበርታ እናት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ክፍሉ የልጃቸው የሐሚድ ነበር። ሐሚድ በሞተር ሰው ገጭቶ፣ የሰውዬው እግር ሲሰበር ደንግጦ ሸሸ፤ ከመንጌ ወዲያ ወርቅ ከሚያጥቡት ጋር ተደባልቋል። የተጎዳው ሰው ድኖ ቤተሰቦቹ «ልጁ እጁን ይስጥ፣ የቀረውን በሽምግልና እንጨርሰዋለን» ብለው ልከው ነበር። እማማ ዘይነብ ግን እስር ቤት የሚባል ነገር ያስፈራቸዋል። ማታ «ይምጣ» ይላሉ፤ ሲነጋ «ይቅር» ይላሉ።

ክፍሉ ደስ ይል ነበር። መስኮቱን የማንጎ ዛፍ ያጠላበታል፤ የአሶሳን ሙቀት ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እማማ ዘይነብ ደግሞ ልጅ አደረጉኝ። ወባ ሲጥለኝ እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ እየቀያየሩ ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው። የእስላም ሥጋ እንደማልበላ ስለሚያውቁ የእኔን ባሚያ ለብቻው ሠርተው ከማሽላ ገንፎ ጋር ያቀርቡልኛል፤ «ኡስታዝ፣ ብላ» ይሉኛል። አስተማሪን የሚጠሩት እንዲያ ነው። ከእናቴ ቤት ወጥቼ እናት ቤት ገባሁ ብል አልዋሸሁም። የዋሸሁት ሌላ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ምሽት፣ ከሕግ የሸሹ ሰዎችን እያደኑ ስለሚይዙ መርማሪዎች የሚተርክ ድራማ ነበር። አብረን እናያለን። ይህን ድራማ ሁለት ሳምንት ያየ ሰው ሦስተኛውን ራሱ ይጽፈዋል። ተፈላጊው ይሮጣል፤ ጢሙን ይላጫል፤ ዋናው መርማሪ የጎረሰውን ሳይውጥ ስልክ ይደወልለታል፤ የጎረሰውን ሲውጥ አንድም ቀን አላየሁም። ከዚያ ተፈላጊው እናቱ ትናፍቀውና «ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» ብሎ ይደውላል። አለቀለት! በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ካቴናው ጠቅ ይላል። ያመለጠ አንድም አልነበረም።

እማማ ዘይነብ ግን እነዚያን አምስት ደቂቃዎች አይተው አያውቁም። ልክ እዚያ ስንደርስ የማታው የኢሻ አዛን ይሰማል፤ ተነስተው ለሶላት ይሄዳሉ። ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው ይጠይቁኛል።

«ኡስታዝ፣ ሰውዬ ምን ሆነ?»

«አመለጠ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ!»

የመጀመሪያውን ቀን አዝኜላቸው ይሆናል። ይሆናል ነው የምለው። በሁለተኛው ሐሙስ ግን «ሰው ሸሽቶ ካልተያዘ ሐሚድ ለምን ይመጣል? እዛው ይቀመጥ» ሲሉ ሰማሁ፤ ሰምቼም ደስ አለኝ። ለምን ደስ አለኝ? ሐሚድ ከመጣ ክፍሉን እለቃለኋ! ክፍሉን ብቻ? ባሚያውስ፣ «ልጄ» መባሉስ ለማን ሊሆን ነው?

ከዚያ ወዲያ እያወቅሁ ዋሸሁ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ዋሸሁ። አንዱን በወንዝ አሻገርኩት፣ አንዱን በእህል መኪና ጫንኩት፤ ደራሲው ያሰረውን ሁሉ እኔ ፈታሁት። አንድ ሐሙስ እናትየዋ ልጇን በእጁ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ አስገባችው፤ የተበደሉትም ይቅር አሉት። ይህን እንኳ አልነገርኳቸውም። «አመለጠ» አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ሌላ ማንም አይደለም። አንድ ክረምት አልፎ ሌላው ሲገባ ሐሚድ ጭቃ ውስጥ ወርቅ ይፈልግ ነበር፣ እኔ አልጋው ላይ እተኛ ነበር።

ከዕለታት አንድ ሐሙስ እማማ ዘይነብን ወገባቸውን አመማቸው። አዛን ሲል መነሳት አቃታቸውና «ቆይቼ፣ ተቀምጬ እሰግዳለሁ» አሉ። መብራት እንዲጠፋ ጸለይኩ። ያለ ጸሎትም የሚጠፋው መብራት የዚያን ቀን ቀጥ ብሎ በራ። ካቴናው ጠቅ አለ።

«ዛሬ አላመለጠም» አሉ።

ቴሌቪዥኑን ልዘጋ ተነሳሁ።

«ያ ሁሉ ሰውስ? እውነት አመለጠ?»

«የለም፣ እማማ። አንድም አላመለጠም።»

ውጣልኝ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ እጄን ያዙ።

«እኔ እንዳላለቅስ ነው የዋሸኸው። አላህ ይስጥህ፣ ልጄ።»

እኔስ ምን አልኩ? «አሜን» አልኩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እማማ ዘይነብ ወደ መንጌ ሰው ላኩ። ሐሚድ ከስቶ መጣ፤ እናቱ በእጁ ይዘው ወስደው ለፖሊስ አስረከቡት። ሽማግሌዎች ገቡ፣ እርቅ ወረደ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ተፈታ። ከእስር የመጣ ዕለት ዕቃዬን ሸክፌ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሻንጣዬን ከእጄ ቀምቶ መልሶ አስገባው። «እናቴን ጠብቀህ የት ነው የምትሄደው?» አለና ሌላ አልጋ ከጎረቤት ተሸክሞ መጣ። እስኪያገባ ድረስ በዚያች ክፍል አብረን ኖርን። እንዲህ ያለ ቤት ሳይገባኝ የሰጠኝን አምላክ አመሰግናለሁ፤ ሳላመሰግን የማድርበት ቀን የለም።

እማማ ዘይነብ ዛሬም እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ ኡስታዝ ለልቤ ብሎ ዋሸ» እያሉ ያወሩልኛል። እንግዳው ይመርቀኛል። እኔም አቀርቅሬ እመረቃለሁ።

እማማ፣ አዝኜልዎት አልነበረም። ክፍሉን ወድጄው ነው። ውሸቱን ይቅር ብለውኛል፤ «አሜን» ያልኩበትን ግን ገና ይቅር ይበሉኝ አላልኩም።