ዓይን የማያስለቅስ ጭስ

ላሊበላ ያረፍኩበት ሆቴል መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሳ የጭሱ ሽታ አጎቴን አስታወሰኝ።

ልጅ ሳለሁ አጎቴ ሙጃ ከተማ ውስጥ በጀነሬተር የጎረቤቱን ሁሉ ስልክ ቻርጅ ያደርጉ ነበር። አንድ የሐምሌ ከሰዓት ዝናብ ሲመጣ ጀነሬተሩን ሳያጠፉ ወደ ቤት አስገቡት።

«ጋሼ፣ ጭሱስ?» አልኳቸው።

«አንቺ ፈሪ! እኔ ጭስ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ይሄ እኮ ዓይን እንኳ አያስለቅስም። ይልቅ በሩን ዝጊው፣ ዝናቡ ይገባል» ብለው ሳቁብኝ።

ዘግቼ ወደ ቤታችን ሮጥኩ። ሲያባራ ተመልሼ ስከፍት ሞተሩ ይሠራል፤ አጎቴ ስልኮቹ አጠገብ ጋደም ብለዋል። ብጠራቸው፣ ብነቀንቃቸው አልነቁም።

የሆቴሉ ዘበኛ ጀነሬተሩ ከግቢው ጥግ፣ ከክፍሌ ሩቅ መሆኑን ነገረኝ። ሄጄ አየሁት፤ እውነቱን ነው። ተመልሼ ብርዱ እያንቀጠቀጠኝ ተኛሁ፤ በሩን ግን አልዘጋሁትም።