ስልከኛዋና የኋላ ክፍሉ መብራት

እትዬን ያወቅኋቸው ቆጣሪ ልቀይርላቸው ሄጄ ነው። ሥራዬ እሱ ነው። ውስጡ ሳህን የሚዞረውን የድሮ ቆጣሪ እነቅላለሁ፣ ስማርት የሚሉትን አዲሱን እተክላለሁ፣ ካቻቢቴዬን ኪሴ ከትቼ ወደሚቀጥለው ቤት እሄዳለሁ። ከሰው ጋር ብዙ ማውራት አይሆንልኝም። በር ሲከፈትልኝ "ቆጣሪ" እላለሁ፣ ከዚያ ዝም። ብዙ ሰውም ከዚያ በላይ አይፈልገኝም።

እሳቸው ግን በሩን ከፍተው "ቆጣሪ" ስላቸው፣ "ምነው ልጄ፣ ድምፅህ ቀጠነሳ? ቁርስ አልበላህም እንዴ?" አሉኝ። እውነትም አልበላሁም ነበር። ሻይና ዳቦ ካልቀመስክ ቆጣሪውንም አላስነካህም አሉኝ።

ዓይናቸው አያይም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በሆስፒታል ስልክ ላይ ተቀምጠው፣ የሚደውለውን ሰው ከሚፈልገው ክፍል ጋር ሲያገናኙ ነው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ሰፈሩ ግን እስካሁን "ስልከኛዋ" ነው የሚላቸው። ሰው ገና "ሃሎ" ሳይል ትንፋሹን ሰምተው፣ ይሄ ሊያለቅስ ነው፣ ይሄ ሊቆጣ ነው፣ ይሄ ደግሞ ልጅ ተወልዶለት አፉ አልታዘዝ ብሎት ነው ብለው ይለዩ እንደነበር ነገሩኝ። የድሮ ቆጣሪያቸውን ሳየው የቆመ መስሎኝ ነበር። ለካ ቤቱ ውስጥ መብራት የሚያበራ ሰው የለም። ሳህኑ የሚነቃነቀው ሻይ ሲፈላና ሬዲዮ ሲከፈት ብቻ ነው።

ቆጣሪውን ተክዬ መሰላሌን ሳጥፍ የወንድማቸው ልጅ ካርቶን ተሸክማ መጣች። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። "እቴቴ" ነው የምትላቸው። ፋርማሲስት ናት፣ የምትኖረው ከተማው ማዶ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ሰው ሲገባ ራሳቸው የሚበሩ አምፖሎችና ኮርኒስ ላይ የሚለጠፉ፣ እንቅስቃሴ የሚለዩ ሴንሰሮች አሉ።

"ወንድም፣ መሰላሉን ካወረድክ አይቀር እግረ መንገድህን ግጠምልኝ" አለችኝ።

የእኔ ሥራ አልነበረም። እምቢ ማለት ግን አልችልበትም።

እትዬ ሳቁ። "መብራት ለእኔ? ለመላጣ ማበጠሪያ በይኛ!"

"መብራቱ ለአንቺ አይደለም እቴቴ፣ ለእኔ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት መታጠቢያ ቤት ወድቀው፣ ከመንገዱ በላይ ያለችው ዳቦ ጋጋሪ ጩኸታቸውን እስክትሰማ ወለል ላይ ተኝተው ቆይተዋል። ስለዚህ ልጅቷ ያሰበችው፣ አክስቷ ከክፍል ክፍል ሲሄዱ መብራቱ ይበራል፣ ስልኳም "ሳሎን በርቷል፣ ኮሪደር በርቷል" ይላታል። ምንም ካልበራ ወድቀዋል ማለት ነው፣ እየበረረች ትመጣለች። ደግ ሐሳብ ነው። እኔም ደግ ነው ብዬ ነው የገጠምኩት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ደወለችልኝ።

"ያ የገጠምከው ነገር ልክ ነው?"

"ልክ ነው እህቴ። ምን ሆነ?"

"እቴቴ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ የኋላ ክፍል ስትመላለስ ነው የምትውለው። ስጠይቃት 'እዚያ ክፍል ገብቼ አላውቅም' ትለኛለች። መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ኮሪደሩ ይበራል። ቆጣሪውም መብራት መብላቱን በስልኬ ያሳየኛል። ሐኪም ጠየቅሁ። መርሳት ሲጀምር እንዲህ ነው አሉኝ።" ድምፅዋ ተሰበረ። "ሄደህ እይልኝ። ስህተቱ ከዕቃው ከሆነ እሰየው። ካልሆነ ግን ብቻዋን አልተዋትም፣ ቤቱን ዘግቼ ወደ እኔ እወስዳታለሁ።"

እትዬ ያንን ቤት በመዳፋቸውና በእግራቸው ነው የሚያውቁት። የበሩን እጀታ፣ የምድጃውን ጠርዝ፣ የትኛው ወለል እንደሚንቋቋ። ከዚያ ነቅለው ሌላ ቤት ቢያስቀምጧቸው በእርግጥ ዕውር ይሆናሉ ብዬ አሰብኩ። ይሄን ለመወሰን ደግሞ እኔ ማነኝ?

ሄድኩ። የኋላ ክፍሉ የእትዬ እናት ያረፉበት ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ሌላ የለም። በእኛ ሥራ የሚፈጠር ስህተት አለ፤ ሁለት አንድ ዓይነት ሴንሰር ይዘህ ስማቸውን ታቀያይራለህ፣ ሳሎን የገባ ሰው ጓዳ ገባ ይባላል። እሱ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አልነበረም። ሸረሪት ሴንሰሩ ፊት ድር ብትሠራም መብራቱ ይበራል። ጠረግሁት። ፀሐይና ነፋስም ያሳስቱታል ብዬ መጋረጃውን ጋረድኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁ። በመጨረሻ የሳሎኑን ሴንሰር ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ሳሎን አዛወርኩ፣ ስማቸውንም እንደየክፍሉ አስተካከልኩ። ዕቃው ከታመመ በሽታውን ይዞት ይሄዳል ብዬ ነው። የአምፖሎቹን አፕ በስልኬም ስለጫንኩት፣ እስቲ ልይ ብዬ ሳሎን ቁጭ አልኩ።

እትዬ ሻይ ይዘው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አንድ ሰካራም ሆስፒታል እየደወለ ዘፈን ይዘፍንላቸው እንደነበር እያወሩኝ ነው። ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል።

ስልኬ ጢን አለ። የኋላ ክፍል በርቷል።

ቀና አልኩ። እትዬ እያወሩ ነው። ስልኬ እንደገና ጢን አለ። ኮሪደር በርቷል። ከተቀመጥኩበት ኮሪደሩ ይታያል። አምፖሉ በጠራራ ፀሐይ በርቷል። ቀን የበራ አምፖል እንዴት እንደሚያስጠላ ታውቃላችሁ፣ የገረጣ ነገር ነው። ከሥሩ ማንም የለም።

ያን ጊዜ እትዬ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ የዘረጉትን እግር ሰበሰቡ። ብርጭቆውንም ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉት። ትንሽ ቆይተው እግራቸውን መልሰው ዘረጉ።

"...ምነው ልጄ፣ ትንፋሽህ ቆመሳ?"

"እትዬ፣ እግርዎን ለምን ሰበሰቡ?"

"ሰው ሲያልፍ አይሰበሰብም እንዴ?"

"ማን አለፈ?"

ፊታቸው ወደ እኔ እንደዞረ ቀረ።

"አንተ አልሰማህም?" አሉ ቀስ ብለው።

"ምንም አልሰማሁም።"

ብርጭቆውን አስቀመጡ። ከዚያ የነገሩኝን እንዳለ ልጻፈው።

"እናቴ ከሞተች ወዲህ ነው። ከኋላ ይነሳል፣ በኮሪደሩ ይመጣል፣ በፊቴ አልፎ እስከ መስኮቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እኔ ሰው የሞተበት ቤት ሁሉ እንደዚህ መስሎኝ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሥራ ቦታ አንዷን 'በእናንተስ ቤት የሚመላለሰው ስንት ሰዓት ይነሳል?' ብዬ ጠየቅኋት። በሳቅ ሞተች። ቀልድ መስሏት ነው። ከዚያ ወዲህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በሌላ ሰው ቤት እንደሌለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።"

"እናትዎ... ይሆኑ?"

"የእናቴን እርምጃ አጣዋለሁ እንዴ? እሷ አይደለችም።"

"ታዲያ ማነው?"

"ቢናገር በድምፁ አውቀው ነበር" አሉ። "አይናገርም።"

የያዝኩትን ሻይ አስቀምጬ ከወንበሬ ተነሳሁ። እሳቸው ሰምተውኝ ነው መሰለኝ፣ "አይዞህ፣ ክፉ አይደለም። በስልክ ሲሰድበኝ ከኖረው ሰው ሁሉ እሱ ይሻላል" ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ። ከዚያ እጄን ያዙ። "ለልጅቷ ዕቃው ተበላሽቷል በላት። ከዚህ ቤት ካወጣችኝ እኮ በቁሜ ሞትኩ።"

ለመዋሸት አፌ አልፈታ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገርም ድፍረት አጣሁ። ለልጅቷ "ዕቃው ላይ ጥፋት አላገኘሁም" ብቻ አልኳት። ዕቃው ደህና ነው ስል እትዬ ደህና አይደሉም ማለቴ እንደሆነ የገባኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

በእረፍቷ ቀን ሁለት ሻንጣ ይዛ መጣች። እኔንም ዕቃውን እንድነቅል ጠራችኝ። ስደርስ እትዬ ወንበራቸውን ጨብጠው ተቀምጠዋል፣ እሷ ልብሳቸውን ታጥፋለች።

"አልሄድም አልኩሽ።"

"እቴቴ፣ አታስለቅሺኝ። የት እንደዋልሽ አታውቂም እኮ።"

"የት እንደዋልኩ ዕቃሽ ነው የሚነግረኝ?"

"ዕቃው አይዋሽም!"

"እኔስ? ዋሽቼሽ አውቃለሁ?"

ልጅቷ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ስልኳ ጢን አለ። የእኔም ተከተለው።

አየችው። አክስቷን አየች። እኔን አየች። ሦስታችንም ሳሎን ነን።

"አይጥ ይሆናል" አለች። ስልኳ ጢን አለ። ኮሪደሩ በራ። እትዬ ዝም ብለው እግራቸውን ሰበሰቡ።

ልጅቷ ደፋር ናት። የያዘችውን ቀሚስ ጥላ በኮሪደሩ ወደ ኋላ ሄደች። በሩ ሲከፈት ሰማን። ከዚያ ምንም። ስትመለስ አንድ እጇን በሌላው ታሻለች፣ ቀለሟ ጠፍቷል።

"ማንም የለም" አለች። "አልጋውን ነካሁት። ብርድ ልብሱ ሞቋል።"

መስኮቱን ዘግቼ መጋረጃውን የጋረድኩት እኔ ነኝ። ፀሐይ አይገባበትም። ሄጄ ልንካው አላልኩም፣ ለዚህም አላፍርም።

"ተነሺ እቴቴ። አሁኑኑ ነው የምንሄደው!"

እትዬ ንቅንቅ አላሉም። "ቀድሞ ጃጅታለች ብለሽ ልትወስጂኝ ነበር። አልጃጀሁም፣ አሁንም ልትወስጂኝ ነው። ታዲያ ምን ብሆን ነው የምትተዪኝ?"

"እፈራለሁ! እዚያ ሆኜ በምን አውቃለሁ ደህና መሆንሽን?"

"ስሚኝ እስቲ። እኔ ዛሬ መታጠቢያ ቤት ወድቄ ብሞት፣ ከሰዓት በኋላ መብራቱ ይበራል። የኋላ ክፍል በርቷል፣ ኮሪደር በርቷል፣ ሳሎን በርቷል ይልሻል። አንቺ መድኃኒትሽን እየቆጠርሽ 'እቴቴ ወዲያ ወዲህ እያለች ነው፣ ደህና ናት' ትያለሽ። ነገም ይበራል። ከነገ ወዲያም። እኔ እዚያ ወለል ላይ፣ አንቺ እዚያ ደስ ብሎሽ።"

ልጅቷ ወለሉ ላይ፣ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠችና ጭናቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሳቸው ፀጉሯን እየዳሰሱ፣ "ዕቃሽ እርምጃ ይቆጥራል እንጂ የማን እንደሆነ አይለይም። መለየት የሚችል ሰው ይምጣና ይየኝ፣ ሰው ይንገርሽ" አሏት።

ተስማሙ። ዕቃው ይነቀላል፣ እትዬ ቤታቸው ይቀራሉ፣ ግን ሰው ሳያያቸው አንድም ቀን አይመሽም። አንድ ቀን ከጎደለ ሻንጣው ይወጣል። ልጅቷ ቃሏን አትበላም፣ እትዬም አይከራከሩም።

ሴንሰሮቹን ነቀልኳቸው። ቆጣሪው ቀረ፣ እሱን መንቀል አይፈቀድልኝም። ሰዎች ይሄ ስማርት የሚባለው ነገር ይጠቅማል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። የምተክለው እኔ ስለሆንኩ የማውቅ ይመስላቸዋል። ቆጣሪው ልክ ይቆጥራል፣ አምፖሉም በብዙ ቤት ደህና ነው፣ አትግዙ አልልም። እናታችንን ይጠይቅልን ብላችሁ ግን ነገሩን ለእሱ አትተዉት።

ልጅቷ በእረፍቷ ትመጣለች። ዳቦ ጋጋሪዋ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ ይዛ ብቅ ትላለች፣ እሷ ስትታመም ወይ ስትቀር ግን ቀኑ ባዶ ይሆናል። ያን ክፍተት የምሞላው እኔ ነበርኩ። አሁን አለቃዬ ከከተማው ጥግ መድቦኛል፣ ስመለስ መሽቷል። ጽፌ የማላውቀው ሰውዬ ወረቀት የያዝኩት ለዚህ ነው።

እባካችሁ ሂዱላቸው። ከዳቦ ቤቱ ቁልቁል ወርዳችሁ መንገዱ ሲያልቅ አረንጓዴ የብረት በር አለ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው፣ ሻይ አይጠፋም። ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፣ ቤቱ ጭር የሚለው ያኔ ነው። ብቻ ገና ከደጅ ስማችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ ከተቀመጣችሁም በኋላ ዝም አትበሉ፣ የመጣላችሁን አውሩ። በዚያ ቤት ሳይናገር የሚገባ ሌላ አለ፤ እትዬ የመጣው ሰው መሆኑን የሚያውቁት በድምፃችሁ ብቻ ነው።