ደብተሩና የስቶለ አልጋ

ኦድቫርን የማያውቅ ሰው ዱዳ ይመስለዋል። ወደቡ አጠገብ ባለው ጋራዡ የዓሣ ጀልባ ሞተር ሲፈታ ይውላል፤ ሰላም ስትለው በመፍቻው ራሱን ያክና ዝም። ከአርባ ዓመት በላይ ጓደኛዬ ነው፤ አንዱንም ዓመት ሳያናድደኝ አላለፈም። ነገሩን ሁሉ የሚናገረው ተራራ ላይ ባለችው የአባቱ የእንጨት ቤት፣ መስኮቱ ሥር ለተቀመጠው ደብተር ነው። እኛ ዘንድ ተራራ ቤት የገባ ሰው ሳይጽፍ አይወጣም፤ ማን መጣ፣ ነፋሱ ከየት ነው፣ ስንት ዓሣ ተያዘ። ኦድቫር ግን እንደ ጸሎት ነው የያዘው። ገና ጓንቱ ሳይደርቅ እስክሪብቶ ይፈልጋል።

ሦስተኛችን ስቶለ ነው፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ጠርሙስ ወዳጅ። ልጆች ሳለን ኦድቫር ከጀልባ ወድቆ ስቶለ ኮሌታውን ጨብጦ አርባ ደቂቃ ያዘው። በብርዱ የደነዘዙት የስቶለ ሁለት ጣቶች ዛሬም አይታጠፉም። ከዚያ ወዲህ ለስቶለ እምቢ ማለት አናውቅም።

ያን የመጋቢት እሑድ ከተራራው ስንወርድ ስቶለ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሞ ጠበቀን። አርብ ዕለት "አሞኛል" ብሎ ቀርቶብን ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ማንም ቢጠይቃችሁ ከአርብ ጀምሮ አብሬያችሁ ነበርኩ።"

"ምን አድርገህ ነው?" አልኩት።

"አትጠይቀኝ፣ ሃልጌር። በናትህ!"

ኦድቫር የስቶለን ጣቶች አየና "እሺ" አለ። እኔም እሺ አልኩ። በዚህች እሺ ነው ገደል የገባነው።

ሰኞ ፖሊሷ ቱሪድ ጋራዡ መጣች። አብራን የተማረች ናት። ሦስት ነበርን አልናት፤ ፈረምን። ከፈረምን በኋላ ነው የነገረችን። ጡረተኛው ፖስተኛ አርንፊን አርብ ማታ በመኪና ተገጭቶ፣ ቦይ ውስጥ ሲጣራ አድሮ፣ ቅዳሜ ጠዋት ተገኝቷል። ብርዱ እግሩን ስለጨረሰው ሊቆርጡት ነው።

"የስቶለ መኪና መብራት ተሰብሮ አየሁና ነው የጠየቅኳችሁ" አለች ቱሪድ፣ ኮቷን እየቆለፈች። "ነገ ውሽንፍሩ ሲያባራ እወጣና የደብተራችሁን ገጽ ፎቶ አነሳለሁ። የስቶለም ነገር በዚያው ይዘጋል።"

በሩ ገና ከመዘጋቱ ኦድቫር ላይ ዞርኩበት።

"ምን ብለህ ጻፍክ?"

"ያለውን።"

"ያለውን ማለት?"

"ሁለት ሆነን መጣን፣ ስቶለ ቀረ።"

"አንተ ሰውዬ! አንድ ቀን እንኳ ብትሰንፍ ምን ነበረበት!"

ማክሰኞ ገና ሲነጋ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪያችንን እግራችን ላይ አስረን ወጣን። ቱሪድ በበረዶ ሞተር ግማሽ ሰዓት የሚፈጅባት መንገድ ለእኛ ሦስት ሰዓት ነው። ከበስተኋላ ኮሽ ባለ ቁጥር ዞሬ አያለሁ። "ፍጠን እንጂ፣ ምን ይጎትትሃል!" እለዋለሁ። እኔ እስር ቤት ይታየኛል፤ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃዴ ሲነጠቅ ይታየኛል፤ ከሁሉም ይበልጥ ደግሞ እነዚያ የማይታጠፉ ጣቶች ይታዩኛል። ላቤ ጀርባዬ ላይ በረዶ ሆነ።

እንደደረስን እኔ ምድጃውን ለኮስኩ። ለሙቀት እንዳይመስላችሁ!

"የአርቡን ገጽ ቅደደውና ወዲህ በለው!"

ኦድቫር ገጹን አልቀደደም። ወደ ኋላ፣ አባቱ እስከጻፉበት ድረስ ገለጠና ጮክ ብሎ አነበበው። "ስቶለ ልጄን ከባሕር አወጣልኝ። ይህች ቤት እስካለች ድረስ የላይኛው አልጋ የእሱ ነው።"

"ይኸው!" አልኩ። "አባትህ ራሳቸው ፈረዱ። በል ቅደድ!"

"ትናንት ለስቶለ ደወልኩለት" አለ ኦድቫር። "መኪናውን አቁሞ ወርዶ ነበር። አርንፊን ሲንቀሳቀስ አይቶታል።"

"ደንግጦ ነዋ! ጠጥቶ ነበር!"

"እኔን አርባ ደቂቃ ያዘኝ፣ ሃልጌር። ያን ሽማግሌ ግን እያየው ሄደ።"

ዓይኑ እንባ ሞላ። ኦድቫር ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እናቱን ሲቀብር እንኳ አላለቀሰም።

ያኔ ከታች የሞተሩ ድምፅ ተሰማ። ፍርሃት አሳበደኝና ደብተሩን ልነጥቀው ዘለልኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፈን ሁለት ሰዎች በካልሲ ወለሉ ላይ እየተንሸራተትን ታገልን። ሳንቃው ወንበር ላይ ወርውሮ አስቀመጠኝ፤ ሞተር የሚያነሳ ክንድ ነው። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳ።

"ምን ልታደርግ ነው፣ እብድ?"

"መጥተን የለ እንዴ? እየጻፍኩ ነዋ።"

ቱሪድ በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች፣ ገባች፣ የሁለታችንን ፊት አየች። ኦድቫር ደብተሩን በሁለት እጁ ሰጣት። ቆማ አነበበች። የአርቡን አነበበች፤ ከሥሩ ቀለሙ ያልደረቀውንም አነበበች። "ማክሰኞ። ጥርት ያለ ቀን፣ ነፋስ የለም። ሁለት ሆነን መጣን። የአርቡን ገጽ ልንቀድ ነበር። አልቀደድነውም።"

ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀበለችውና "ቱሪድ። ለሥራ።" ብላ ከሥሩ ጻፈች። እሷም ገብታለች፤ ሳይጽፉ መውጣት የለም።

እኔና ኦድቫር በሐሰት ቃላችን ተቀጣን፤ ስቶለ ታሰረ። ከወጣ አምስት ዓመቱ ነው። ሱቅ ውስጥ ሲያየን ወተቱን አስቀምጦ ይወጣል። አርንፊን በአንድ እግሩ ወደቡ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ኦድቫር ሁልጊዜ ጠዋት በዚያ ሲያልፍ ቆሞ ሰላም ይለዋል፤ በቃል፣ በአፉ።

ያም ሆኖ ኦድቫር በየፋሲካው ወደ ተራራው ሦስት አንሶላ ነው የሚሸከመው። የላይኛውን አልጋ ያነጥፋል፣ ጥጉን ያስተካክላል፣ ከዚያ ይጽፋል። "አእምሮህን ስተሃል! አሳልፈህ የሰጠኸው ሰው ይመጣልሃል?" እለው ነበር። "እውነት ተናገርኩ እንጂ አልጋውን አልነጠቅኩትም" ይለኛል፤ ሌላ አይጨምርም።

ዘንድሮ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ቤት ቀረ። ብቻዬን ወጣሁ። አንድ አንሶላ ይበቃኝ ነበር፤ ቦርሳዬን ስፈታ ግን ሦስት ሆኖ አገኘሁት፤ ራሴው ነኝ የከተትኩት። እየተራገምኩ የኦድቫርንም የስቶለንም አልጋ አነጠፍኩ። ከዚያ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ጻፍኩ። "ሃልጌር ብቻውን መጣ። ነፋስ ከሰሜን። ዓሣ የለም። የስቶለ አልጋ ተነጥፏል።"