ውሃ የሚጠጣ ጾም

ሪያድ ውስጥ ዑረይጃ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የቻይና ምግብ ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ስልክ ማንሳት፣ ትእዛዝ መጻፍ፣ ሂሳብ መቀበልና የተቆጣ ደንበኛ ማብረድ ነበር። በዚህ በመጨረሻው ሥራ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ይህን ስል ጉራ የሚመስለው ይኖራል። ጉራም ነው፣ ግን እውነት ነው።

ደንበኛ የማውቀው ገና በሩን ሲከፍት ነው። ቡፌው ፊት ቆሞ ክዳኑን ሁሉ እየከፈተ የሚያሸት ሰው መጨረሻ ላይ ሩዝና ዶሮ ብቻ ይዞ ይሄዳል። ሰሃኑን ፎቅ አስመስሎ የሚክብ ሰው ግማሹን ይተወዋል። "የሚያቃጥል ነው የምወደው" ብሎ በስልክ የሚፎክር አባወራ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መልሶ ይደውልና "ልጆቹም ይበላሉ፣ ቃሪያውን ተወው" ይለኛል። ኑድል በዳቦ ጠቅልለው የሚበሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩን፤ ሼፋችን እሳቸውን ላለማየት ፊቱን ወደ እሳቱ ያዞር ነበር። እኔ ግን ዳቦውን ሳይጠይቁ አቀርብላቸዋለሁ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ደስ እንዳለው ቢበላ ምን አገባን?

ቤቱ ሁለት በር ነበረው፤ አንዱ ለወንዶች፣ አንዱ ለቤተሰብ። የእኔ ባንኮኒ መሃል ላይ ስለሆነ ሁለቱም ወገን በእኔ በኩል ያልፋል። የሶላት ሰዓት ሲደርስ በሮቹ ይዘጋሉ። ውስጥ የተገኘ እየበላ ይቆያል፣ ውጭ የቀረ ደረጃው ላይ ይጠብቃል። በእነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ስልክ ስለማይጠራ እኔም አረፍ ብዬ ሰዉን አያለሁ። ሰው ማየት ደግሞ እወዳለሁ።

የአገሬ ሰዎች የሚመጡት በብዛት ዐርብ ነው። ነርሶች፣ ሹፌሮች፣ ከባጥሐ ገበያ ፌስታል አንጠልጥለው የሚመለሱ ሴቶች። ሁዳዴ ሲገባ ጥያቄያቸው አንድ ይሆናል። "ወንድሜ፣ የጾም ምን አላችሁ?" ይሉኛል። ኑድሉ እንቁላል አለው? ሾርባው የዶሮ ነው? ዘይቱስ ምን ተጠብሶበታል? እኔ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ወጥ ቤት እገባለሁ። ሼፋችን ከቻይና የመጣ ሙስሊም ነው፤ ዐረብኛው ከእኔ የባሰ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ የዶሮ መረቅ የለም እያልኩ በጣቴ ስዘረዝርለት ዝም ብሎ ሰማኝና "ሱ" አለኝ። በእሱ ቋንቋ ሥጋ የሌለበት ምግብ ማለት ነው። ነገሩ በአንዲት ቃል አለቀ። ከዚያ ወዲህ የጾም ትእዛዝ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ በእኛ ፊደል "ሱ" ብዬ እጽፋለሁ። ሼፉ ፊደሏን "የተደፋችው ድስት" ይላታል፤ እውነትም እጀታ ያላት የተደፋች ድስት ትመስላለች። ከፊደል ገበታችን የሚያውቃት እሷን ብቻ ነው፣ ግን አንድ ቀን ተሳስቶባት አያውቅም።

በ2006 ዓ.ም. ሁዳዴ፣ ዐርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የማይቀሩ አንድ ቤተሰብ ነበሩን። ባል፣ ሚስት፣ ሦስት ልጆችና ልጆቹን የምትይዝ የአገሬ ልጅ። ባልየው ከስልኩ ቀና አይልም፤ ሁሉ ነገር የሚያልፈው በሚስቱ በኩል ነው። እኔም ልጅቷም "ማዳም" ነበር የምንላት። ልጅቷ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ቢሆናት ነው፤ ከአነጋገሯ የጎጃም ልጅ መሆኗን ለይቻለሁ። የቤቱ ትንሿ ልጅ፣ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላት፣ ከእሷ እጅ ካልሆነ አትጎርስም። ማዳሟም መጥፎ ሰው አልነበረችም። ለራሷ ሳትወስድ በፊት ለልጅቷ ሰሃን ትሞላላታለች፤ ጣፋጭ ሶስ ያለው ዶሮ፣ እንቁላል ያለው ሩዝ፣ የተጠበሰ ሥጋ። ሰሃኑ ግን እንደተሞላ ይመለሳል። ነገሩ ሁዳዴ መሆኑ ገብቶኛል፣ ግን የሰው ቤት ጉዳይ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ዐርብ ማዳሟ ብቻዋን ወደ ባንኮኒው መጣች። ከኒቃቧ በላይ የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነው፤ ዓይኗ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበር።

"አንተ ሐበሻ ነህ አይደል?"

"ነኝ ማዳም።"

"እንግዲያው ጠይቅልኝ። ይህቺ ልጅ ምን ሆና ነው? ሦስት ሳምንት ሙሉ ዳቦ፣ ቲማቲምና ሻይ ብቻ። ታማም ከሆነ ትንገረኝ፣ ተቀይማም ከሆነ ትንገረኝ። ቤቴ ውስጥ ሰው ተርቦ ሲወድቅብኝ ማየት አልፈልግም። ካልነገረችኝ እሑድ ወደ መክተብ እመልሳታለሁ፣ ኸላስ፣ በቃ።"

መክተብ የምትለው ሠራተኛ የሚያስቀጥረውን ቢሮ ነው። ያን ጊዜ ወረቀት የሌለው ሁሉ እየተለቀመ ወደ አገሩ ከተመለሰ ገና ወራቱ ነው፤ ወደ መክተብ መመለስ ቀልድ አልነበረም። ሌላ ቤት ትላካለህ፣ ወይ አውሮፕላን ላይ ትጫናለህ፤ ምርጫው ያንተ አይደለም። ስልኩን አስቀምጬ ወደ ጠረጴዛቸው ሄድኩ። ልጅቷ ትንሿን እያጎረሰች ነበር።

"እህቴ፣ ማዳምሽ ተጨንቃለች። ለምን ጾም ነው ብለሽ አትነግሪያትም?"

"ነገርኳት እኮ ወንድሜ። 'አና ሳይማ' አልኳት፣ ጾመኛ ነኝ ብዬ። ሳቀችብኝ። 'ውሃ ስትጠጪ አይቼሻለሁ፣ በቀትር ዳቦም በልተሻል' አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሷ ዘንድ ዋሾ ነኝ።"

ገባኝ። በማዳሟ ቋንቋ የሚጾም ሰው ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ በአፉ አይዞርም፤ ማታ ደግሞ ሥጋውን ይበላል። ቃሉ አንድ ነው፣ ጾሙ ግን ለየቅል።

"ወደ መክተብ እመልሳታለሁ እያለች ነው" አልኳት።

እጇ ማንኪያው ላይ ቆመ። "ከዚህ በፊት የነበርኩበት ቤት ኩሽና መሬት ላይ ነበር የምተኛው። እዚህ የራሴ ክፍል አለኝ፣ ከእናቴ ጋር በስልክ እንዳወራ ይፈቅዱልኛል። ይህቺም ልጅ..." ብላ ትንሿን አየቻት። "እዚህ ቤት መቆየት እፈልጋለሁ። ጾሜን ግን አልፈታም።"

ይኸው ነው። ወይ ጾሙ ወይ ቤቱ። እኔ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ነገር የተፈጠርኩ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር። ወደ ባንኮኒው ስመለስ ከማዳሟ ኋላ አራት ሰው ተሰልፏል፣ ስልኩም ይጮኻል። ስለ ጾማችን በዚያ ሰልፍ ፊት ማስረዳት ከብዶኝ አቋራጭ ፈለግሁ። አቋራጩም እንደ ሁልጊዜው ዱብ አለልኝ።

"አልታመመችም ማዳም። ነባቲ ናት።"

ነባቲ የሚሉት ዕድሜ ልኩን ሥጋ የማይበላውን ሰው ነው። የማዳሟ ዓይን በራ። "ነባቲ? ዩኒቨርሲቲ ያለችው የአክስቴ ልጅም ነባቲ ናት! ታዲያ ይህን መናገር ምን ያስፈራል?" አለች። ወረቀቱን ስቤ "ሱ" ብዬ ጻፍኩ። ለልጅቷ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉና አትክልት በነጭ ሩዝ ቀረበላት። አንዱን ሰሃን ጨርሳ ሁለተኛ ጠየቀች። የእሑዱ የመክተብ ነገር በዚያው ቀረ። እኔም ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ሁዳዴ መሆኑንም ረስቼ። ወሬውን ላልሰማ አሰማሁ። "በአንድ ቃል ሰው አዳንኩ" እያልኩ ሙረባዕ ሰፈር ያሉትን ጓደኞቼን ሳምንት ሙሉ አሰለቸኋቸው።

ማዳሟም ነገሩን የምሯን ያዘችው። በየሳምንቱ እየመጣች አዲስ ነገር ትነግረኛለች፤ ምስር ጥሩ ነው አሉ፣ ለውዝ ጥሩ ነው አሉ፣ ለልጅቷ ለብቻዋ ድስት ገዝታላታለች፣ ለእህቶቿ ሁሉ ነግራለች። እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ እቀበላታለሁ። ነባቲ ማብቂያ የሌለው ነገር መሆኑ፣ ጾም ግን ማብቂያ ያለው መሆኑ ለአፍታ እንኳ አልታየኝም።

ፋሲካ አለፈ። እኔ ዕለቱን በሥራ አሳልፌ፣ ሼፉ ግማሽ ዶሮ በዝንጅብል ሠርቶልኝ ጾሜን ፈትቻለሁ። በአምስተኛው ቀን፣ ዐርብ፣ ቤተሰቡ መጣ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ዐርብም ረቡዕም ስለማይጾም ልጅቷ ዛሬ ቡፌውን ልትዘርፈው ነው እያልኩ በሆዴ ሳቅሁ። ማዳሟ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ "አንድ ነባቲ፣ እንደ ሁልጊዜው። ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት እንዳትሠሩላት አደራ" አለችኝ። እጄ ለምዶበት "ሱ" ብሎ ጽፎ ጨርሷል። ቀና ስል ልጅቷ ትንሿን አዝላ ከኋላዋ ቆማለች።

"ወንድሜ" አለችኝ በአማርኛ፣ ድምጿን ሳታነሳ። "የፋሲካ ዕለት ኩሳ የሚሉትን ዝኩኒ በቲማቲም ነው የበላሁት። ትናንትም ኩሳ ነው። ያሰርከኝን ፍታኝ።"

"እንቁላል እንኳ ጠብሰሽ አትበዪም ነበር?"

"ነባቲ ናት ብላ ላገር ነግራ? እንቁላል ስበላ ብታየኝ ዋሾ ነሽ ልትለኝ ነው። አንዴ ተብያለሁ፣ ይበቃኛል።"

ማዳሟ እኔንና እሷን እያፈራረቀች ታየናለች። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ሌላ አቋራጭ ፈለግሁ።

"ማዳም፣ ነባቲ እኮ ሁለት ዓይነት ነው።"

"ምንና ምን?"

"አንደኛው ጨርሶ ሥጋ አይበላም። ሁለተኛው... አልፎ አልፎ ይበላል።"

"አልፎ አልፎ ሥጋ የሚበላማ እኔም ነኝ" አለች።

በሦስት ዓመት ውስጥ ባንኮኒው ላይ ቃል ያጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጅቷ ጠበቀችኝ። ምንም እንደማይወጣኝ ስታይ ትንሿን ከጀርባዋ አውርዳ አቆመቻትና በዚያች በተሰባበረች ዐረብኛዋ ራሷ ተናገረች።

"ማዳም፣ እኔ ነባቲ አይደለሁም። እኔ ሳይማ። የሐበሻ ሳይማ፣ ውሃ አለ፣ ዳቦ አለ። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ሃምሳ አምስት ቀን። አሁን ኸላስ። እሑድ ዒድ።"

ማዳሟ የመጨረሻዋን ቃል ያዘች። "ዒድ? እሑድ የእናንተ ዒድ ነበር?"

"አዎ ማዳም።"

"እሑድ ኩሳ ነው የሰጠሁሽ።"

"አዎ ማዳም።"

"ያን ቀን ሳይማ ብለሽኝ ነበር" አለች ማዳሟ፣ ለልጅቷም ለራሷም የምትናገር መሰለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ጠይቅልኝ ነው ያልኩህ" አለችኝ ቀስ ብላ። "መልስላት አላልኩህም።"

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የተቆጣ ደንበኛ እንዴት እንደሚበርድ አውቃለሁ፤ ያልተቆጣ ደንበኛ እውነቱን ሲነግርህ ምን እንደሚባል ግን ያስተማረኝ አልነበረም። አፈርኩ። የጻፍኩትን ወረቀት ፊቷ ቀደድኩት።

ማዳሟ ራሷ ሰሃን አንስታ ቡፌው ጋ ሄደች። ዶሮውን፣ ሥጋውን፣ እንቁላል ያለውን ሩዝ ሞልታ ልጅቷ ፊት አስቀመጠችና "ብዪ" አለቻት። ልጅቷ ለአፍታ አንገቷን ደፋች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ በላች። ትንሿ ልጅ ከሰሃኗ ዶሮ እየሰረቀች አብራት በላች። ሲወጡ ማዳሟ ሁለት ሙሉ ዶሮ ሰፈሪ፣ ማለት ቤት የሚወሰድ፣ አድርገን እንድንጠቀልልላት አዘዘች። "ቤት ገና ዒድ አላደረግንም" አለችኝ። ከቁጣዋ አመለጥኩ ማለት ግን አይደለም፤ ለወር ያህል ከሂሳብ በቀር አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም።

በዓመቱ ሁዳዴ ገባ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸ። ድምጿን ወዲያው ለየሁት።

"አንድ ሰሃን ለሳይማ" አለችኝ ማዳሟ። "ውሃ ለምትጠጣዋ።"

"እሺ ማዳም። ሌላስ?"

"ሌላ... ዘንድሮ ዒዳቸው መቼ ነው?"

ቀኑን አውቀዋለሁ። ልመልስላት አፌን ከፍቼ ነበር፣ ያዝኩት።

"እሷን ይጠይቋት ማዳም" አልኩ።

ስልኩን ሳትዘጋው ስትጠራት ሰማሁ። ልጅቷ ስትመልስላት እስክሰማ ድረስ እኔም አልዘጋሁም።