የታጠበው ካፖርት

ባለቤቴ የጫካ ጠባቂ ነበር። ሲራመድ ስለማይሰማ ኮቴ የለሽ ይሉታል። እቤትም ያው ነው። ወጥ እያማሰልኩ ድንገት ከኋላዬ «ጨው አነሰው» ሲለኝ ስንት ጊዜ ክው ብያለሁ!

«ጉሮሮህን እንኳ ጥረግ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» እለዋለሁ። ይስቃል፤ ሳቁም ድምፅ የለው።

ዓይኔን ስጨፍን ቀድሞ የሚመጣብኝ ካፖርቱ ነው። ድሮ አረንጓዴ ነበር አሉ፤ እኔ ስደርስበት ቀለሙን እንጃ። ቅጠልና እርጥብ ግንድ ይሸታል። ውሃ አያስነካውም። «አውሬዎቹ የሚያውቁኝ በሱ ነው» ይለኛል። እኔማ የስንፍና ሰበብ ይመስለኝ ነበር።

ጫካው ውስጥ ሰው በእግሩ የሚንሸራሸርበት መንገድ አለ፣ የብስክሌትም አለ። አንድ ዓመት ሌላ የብስክሌት መንገድ ይጨመር ተባለና ችካል ተተከለ፤ ያውም ድኩላዋ በምትወልድበት ቁጥቋጦ መሀል። እሱ ቢሮ ድረስ ሄዶ ለመነ።

ኃላፊው «ድኩላ አለ የምትለው አንተ ብቻ ነህ» አለው። «ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ በዓይኔ ካየሁ መንገዱን አዞረዋለሁ። ካላየሁ ሰኞ ቆፋሪዎቹ ይገባሉ።»

ዓርብ ከሰዓት እረፍቱ ነበር፤ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ሊመጣ አይደል? ካፖርቱን መዓዛ ባለው ሳሙና አጠብኩት። ምድጃ ዳር አድርቄ ተኮስኩት።

ጠዋት ሲያነሳው አሸተተና ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን አደረግሽኝ?»

«ለክብርህ ብዬ እኮ ነው!»

«ሙሽራ መስዬ ጫካ ልግባ?»

ኃላፊው በር ላይ ቆሟል፤ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ለበሰውና ሄድን። እኔም ተከተልኩ፤ እቤት መቀመጥ አልቻልኩማ።

ከቁጥቋጦው በታች አውሬ የሚታይባት የእንጨት ጎጆ አለች። ገብተን ዝም አልን። ጉም ብቻ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ፣ ደግሞ አየ።

«ድኩላህ ቀጠሮዋን ረሳች እንዴ?»

ባለቤቴ ካፖርቱን አውልቆ አስታቀፈኝ። «ይዘሽው ወደ ታች ሂጂ፣ ሽታው እንዳይደርስባት» አለኝ በሹክሹክታ።

ወጣሁ። እንባዬና ጉሙ አንድ ሆኑብኝ፤ እግሬ ወደ መራኝ ሄድኩ። አንድ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ጠብታ ከቅጠል ቅጠል ይንጠባጠባል። ዛፎቹ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ እኔ ደግሞ የተተከልኩ መሰለኝ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ነፋሱ ከጀርባዬ መጣና ካፖርቱን አልፎ ቁጥቋጦው ላይ ወረደ። ወዲያው ጭራሮ ቀጭ አለ። ሸሸችብን፣ አለቀልን አልኩ።

ስመለስ ኃላፊው ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል። ድኩላዋ የሳሙናውን ሽታ ስትሸሽ፣ ግልገሏን አስከትላ እፊታቸው ብቅ ብላ ኖሯል።

ባለቤቴ በሸሚዝ ብቻ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

«በየት ሄድሽ?»

«ወደ ታች ነዋ!»

«ወደ ላይ ነው የሄድሽው፣ እግርሽ ይባረክ!» አለኝ።

ሰኞ ችካሉ ተነቀለ። መንገዱ ዛሬም ቁጥቋጦውን ይዞራል፤ ብስክሌተኞች ዳገቱን ሲረግሙ እሰማለሁ። እኔ ድኩላዋን አላየኋትም። ምን ትመስል ነበር ስለው በየዓመቱ ሌላ አድርጎ ይነግረኛል፤ አንዴ ጆሮዋ ላይ ጤዛ ነበር፣ አንዴ ግልገሏ እኔን ትመስል ነበር። ሁሉንም አምኜዋለሁ።