የዶኛ ሳቱርኒና ብርቱካን

ዶኛ ሳቱርኒና በሎማ ፒታ የእግር ኳስ ሜዳ በር ላይ ብርቱካን ልጠው የሚሸጡ ሴት ናቸው። ቢላቸው ሳይነሳ ልጣጩ እንደ ክር ተተርትሮ ይወርዳል፤ አናቱን ይቆርጡና «እንካ ልጄ፣ ምጠጥ» ይላሉ። በፓራጓይ ሙቀት ይህን የሚጠላ የለም። እኔን የሚያቃጥለኝ ከተመጠጠ በኋላ የሚሆነው ነው።

የሰፈሬ ሰው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሜዳ ይመጣል። ጸሎቱ ከአፉ ሳይደርቅ የእንግዳው ቡድን ተጫዋች ወድቆ ሲያቃስት ካየ «ተነስ፣ አንተ ተዋናይ!» ይጀምራል። መውጫው በመቀመጫችን ፊት ስለሆነ ቃሬዛው ሲያልፍ የተመጠጠ ብርቱካን ይዘንብበታል። ቃሬዛ ተሸካሚው ማን መሰላችሁ? የዶኛ ሳቱርኒና ባል፣ ዶን ሲፕሪያኖ! ሚስት የሸጡት ብርቱካን ባል ጀርባ ላይ ያርፋል፤ ነጩን ሸሚዝ የሚያጥቡትም ዶኛ ሳቱርኒና ራሳቸው ናቸው። «ምን ታደርገዋለህ፣ ሰው ሲሞቀው ነው» እያሉ ያሹታል። እኔ ብሆን ቅርጫቱን በወርዋሪዎቹ ላይ ደፍቼ እሄድ ነበር።

የቃሬዛውን ሌላ ጫፍ ይይዝ የነበረው የዶን ሲፕሪያኖ ወንድም ዊልፍሪዶ አንድ እሁድ ዓይኑ ላይ በብርቱካን ተመታ። «እናንተን ለማስደሰት አንድ ዓይና አልሆንም» ብሎ ቀረ። በቀጣዩ እሁድ ኤቬሊዮ የሚባል የእንግዳው ቡድን ተከላካይ ወደቀ። ጉልበቱ ሲንቋቋ እኛ ጋ ድረስ ተሰማ። ኤቬሊዮን አውቀዋለሁ፣ ቤቴ የተሠራው እሱ በመታው ጡብ ነው፤ ጭቃ ካልረገጠ ልጆቹ እራት የላቸውም።

«ኤቬሊዮ! አልጋ ይነጠፍልህ?» ጮኸች አጠገቤ የተቀመጠችው ፀጉር ሠሪዋ ሩሚልዳ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ባለፈው ሚስማር ቢወጋሽ ሰፈሩን አልቀወጥሽውም?» አልኳት።

«የኔ የእውነት ነዋ!»

ጓደኞቹ ዳኛውን ከበው ይጨቃጨቃሉ። ዶን ሲፕሪያኖ ቃሬዛቸውን ይዘው ብቻቸውን ቆመዋል። «ኧረ አንድ ሰው!» አሉ ወደኛ ዞረው።

«ጎትተው!» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቀ። ኤቬሊዮ ፀሐይ ላይ ሣሩን ነክሶ ተኝቷል።

ይሄኔ ዶኛ ሳቱርኒና ቢላቸውን ሽርጣቸው ውስጥ ሻጡና ሜዳው ውስጥ ገቡ። ባልና ሚስት አንሥተውት በፊታችን ሲያልፉ፣ ልማድ ክፉ ነው፣ አንድ ብርቱካን ተወርውሮ የዶኛ ሳቱርኒናን ጉንጭ መታ። ቃሬዛውን አልለቀቁም። ኤቬሊዮን መኪና ላይ አስጭነው ተመለሱና ብርቱካኑን አንሥተው ፊታችን ቆሙ።

«ይሄ የኔ ነው። ማን ነው የወረወረው?»

ሁሉም እጁን ደበቀ። ሩሚልዳ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«የባሌን ሸሚዝ ስታቆሽሹ አጠብኩ። የሰው ጉልበት ግን ታጥቦ አይመለስም!» እኔም አፈርኩ።

በሚቀጥለው እሁድ በሩ ላይ ባዶ ቅርጫት አስቀምጠው ጠበቁን። «እዚሁ ምጠጥ፣ እዚሁ ጣል። አለዚያ አልሸጥም!» ጎረምሳው ሁሉ ቆሞ እየመጠጠ፣ ባዶ እጁን ገባ። ጸባይ ግን በር ላይ አይጣልም። የእንግዳው ቡድን አጥቂ ተጎድቶ በቃሬዛ ሲያልፍ ሩሚልዳ የምትወረውረው ብታጣ ጫማዋን አውልቃ ወረወረች። ዶን ሲፕሪያኖ ጫማውን ቃሬዛው ላይ አድርገው ከቁስለኛው ጋር መኪናው ላይ ላኩት።

ወደ ቤቴ ስሄድ ሩሚልዳ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ባዶ እግሯን ይዛለች።

«እሾህ ገባብኝ፣ እባክህ ደግፈኝ፣ መራመድ አልቻልኩም» አለችኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«ተነሺ፣ አንቺ ተዋናይ!» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ክንዴን ሰጠኋትና እስከ ቤቷ ድረስ አደረስኳት።