አው ዑመርዲን የቀበራቸው ገጾች

እንደ አው ዑመርዲን ያለ ሰው መውደድ ይከብዳል። በጀጎል የቅርስ ማኅበራችን ቤት እኔ በር ላይ ቲኬት እቆርጣለሁ፣ ቤቱንም እጠርጋለሁ፣ እሱ ውስጥ መጻሕፍት ይጠርዛል። («አው» እዚህ ለትልቅ ሰው የሚባል ነው፤ አንቱታውን ግን ሐረር ከገባሁ ወዲህ ትቼዋለሁ።) በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ውዱእ አድርጎ ሳይታጠብ ቁርኣን ሲነካ አላየሁም። እኔን መደርደሪያው አጠገብ ካየ ግን፣ «አንቺ፣ መጥረጊያሽን ይዘሽ ውጪልኝ!» ነው። አቧራው የአባቱ ርስት ነው እንዴ?

ዘንድሮ ማኅበሩ ዕቃው ሁሉ ይመዝገብ አለ። አው ዑመርዲንም ብል የጨረሳቸውን፣ መርፌ የማይዙትን የቁርኣን ገጾች ለይቶ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ዱዓ አድርጎ ከጀጎሉ ግንብ ከኤረር በር ውጭ ቀበራቸው። የአላህ ቃል ቆሻሻ ላይ አይጣልማ! አባቱም አያቱም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ማንንም አልጠየቀም። እኔም ውሃ ይዤለት አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ረመዳን ሊገባ ሲል አይ ረውዳ፣ እናት ረውዳ እንደማለት ነው፣ መጣች። በየዓመቱ እየመጣች፣ ሟች ባሏ ለማኅበሩ የሰጠውን ቁርኣን አስወጥታ፣ መጨረሻው ገጽ ጠርዝ ላይ ባሏ የጻፈውን የልጇን የረምዚን የልደት ቀን በጣቷ ትዳስሳለች። ረምዚ ከጅቡቲ በጀልባ እንደተሳፈረ ቀረ። ሬሳ የለ፣ ፎቶ የለ። እሷ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ይመጣል» እያለች ማታ እንኳ በሯን አትዘጋም። ለቅሶም አልተቀመጠችም።

ገለጠች፣ ገጹ የለም።

«ዑመርዲን፣ ልጄስ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «አይ ረውዳ... ብል በልቶት ነበር። ከሌሎቹ ጋር ቀበርኩት። የጠርዙን ጽሑፍ፣ ወላሂ፣ ልብ አላልኩትም።»

«ቀበርከው?»

«እንደ ወጉ። ጠቅልዬ፣ ዱዓ አድርጌ።»

ትጮኻለች ብዬ ነበር።

«አፎቻው ተጠራ? ዕድርተኛው ቆመ?» አለች ቀስ ብላ።

«ለወረቀት?»

«ለልጄ! የሰውን ሁሉ ለቅሶ ስደርስ ኖሬ፣ የእኔን ልጅ ሳትነግረኝ ትቀብራለህ?»

ያ ቁጡ ሰው እፊቴ አለቀሰ።

በማግስቱ ጠዋት ራሱ ቤት ለቤት እየዞረ አፎቻውን ጠራ። ወንዶቹ ኤረር በር ወጥተው ዱዓ አደረጉ፣ ሴቶቹ አይ ረውዳ ቤት ሞሉ። ሲያለቅሱ ውለው አንድ በአንድ ሲሄዱ እኔ መጨረሻ ተነሣሁ። እሷ ዓይኗን መንገዱ ላይ ተክላ ነበር።

«ስትወጪ በሩን ዝጊልኝ» አለችኝ።